ታላላቆቹን የበላን ዕለት

እህቴ ሱቢ ባሏን ማነጋገር የጀመረችው ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለማ ማሩቲን ማን ያናግረው ነበር? አንድ ነገር ጠይቀውት መልሱ እስኪመጣ ሩዝ ጥዶ ማውጣት ይቻላል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን እኔን ዋርሳውን ሊያነቅዘኝ ደርሶ ነበር። ከበሮ ሲመታ ብቻ ነበር ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው። ዝናቡ እንደገባ ትኩሳት ያዘውና እንደ ልማዱ ምንም ሳይናገር ሞተ።

የሐዘኑ ቀን ሲያበቃ እንደ ደንባችን መንፈሱን ወደ ቤት አስገባነው። የመንደሩ ሽማግሌ ጋሼ ሩድራ መብራት ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ፣ ስሙን ጠሩ፣ እኛም ከበሮ እየመታን ተከትለን እስከ ጓዳ ድረስ መጣን። በጓዳው ጥግ የጭቃ መደብ አለ፤ በመደቡ ላይ የነሐስ ሳህን፣ በሳህኑ ላይ አንድ ኮኮናት። የቤቱ ታላላቆች በሙሉ እዚያ ናቸው። የማሩቲ አባት አሉ፣ እናቱ አሉ፣ ነብር በመጥረጊያ ያባረሩት አያቱ አሉ። ከእሳቸው ወዲያ ያሉት ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡት ናቸው። ስማቸውን ባሕር በላው ይላሉ ጋሼ ሩድራ፤ ስም ባይኖራቸውም ቦታ አላቸው። በየዓመቱ፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ በሚውለው በዓል፣ አሮጌው ኮኮናት ወንዝ ይለቀቃል፣ ታላላቆቹም በአዲሱ ይገባሉ። ባሕር ተሻግሮ ለመጣ ሰው ከኮኮናት የተሻለ ቤት ከየት ይገኛል? ውሃ አይፈራም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የእህቴ ድምፅ በግድግዳው ያልፍና ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። ቤታችን ጎን ለጎን ነው፣ ጭቃውም ስስ ነው።

«ተነሣህ? ጣራው ማፍሰሱን አልተወም። ልጅህ እንደሆነ ዓሣ ብሎ ወንዝ ዳር ተዘፍዝፎ ሊውል ነው። እኔን ማን ሰምቶኝ! ጥጃዋ አንካሳ ሆናለች፤ ምን ላድርጋት? ... እሺ፣ አስብበት።»

«ምን አለሽ?» እላታለሁ በግድግዳው።

«ምን ይለኛል! እንደ ድሮው ነው።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ደህና ነበር። ያልተደሰትኩት በአበላሏ ነው። ማሩቲ ከሞተ ጀምሮ የሩዝ አጥሚት በጨው ካልሆነ በቀር ምንም አትቀምስም። «አፌን አመድ አመድ ይለኛል» ትላለች። እኔ የቀይ ጉንዳን ድቁስ ስሠራ መንደሩ ሁሉ ቅጠል ይዞ ይሰለፋል፤ እሷ ግን ያመጣሁላትን ከሳህኗ ዳር ታኖርና ዞር ስል ለዶሮዋ ትሰጣለች። አንድ ቀን ይዣት «ዶሮዋ ምን አለች?» ብላት «ቃሪያ በዝቷል አለች» አለችኝ። እህቴ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። እኔ እህት አላት የምትባል፣ ዐይኔ እያየ እያለቀችብኝ ነበር።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አንድ ማለዳ በሹክሹክታ ጠራችኝ። ገብቼ ሳይ ኮኮናቱ በዐይኑ በኩል አረንጓዴ ጫፍ አውጥቷል።

«ቀንድ አበቀለ» አለችኝ። እየሳቀች ነው፤ ዐይኗ ግን እንባ ሞልቷል። «ማሩቲ ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል? በሕይወቱ ያልተናገረውን ሊናገር ነው።»

«ቢናገር ደግሞ ምን ሊል ነው? ሩዝ ጨምሩልኝ ነው የሚለው።»

«ዝም በይ አንቺ! ዘንድሮ ወንዝ አልለቀውም። በዓሉ ዕለት ታላላቆቹ ወደ አዲሱ ሲገቡ እሱን ጉድጓዱ ዳር እተክለዋለሁ። ውሃ ስቀዳ አየዋለሁ።»

በዚያው ሰሞን ልጇ ቱካራም አገባ። በእኛ ዘንድ በቤት ሞት ከገባ ዓመቱ ሳይዞር ሠርግ ማስገባት ነው ደጉ። ሙሽራዋ ናታሊን ከኮረብታው ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መንደር ነበረች። የእነዚያ የመርከብ ሰዎች ዘር የሆንነው እኛ ሲዲዎች ስንጋባ እነማንን ታመልካላችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እንዲያውም የእኔ ባል መስጊድ የሚሄድ ነበር፣ ነፍሱን ይማር፣ ሃያ ዓመት ስንጣላ አንድ ቀን በአምላክ ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም። ናታሊን ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቋ ጣራ የሚያነሣ፣ እጇ ፈጣን ልጅ ናት። ገና እንደገባች ወደድኳት። ሱቢም ወዳታለች፣ ግን ሐዘን ላይ ያለች አማት መውደዷን ቶሎ አታሳይም።

ሐዘን ቤት ስለሆነ ሠርጉ ጥድፊያ ነበር። ሙሽራ ለታላላቆቹ ሰግዳ የምትተዋወቀው በበዓሉ ነው፤ ስለዚህ ያ ለዚያ ቀን ቆየ። ስለ ኮኮናቱ ማንም ምንም አልነገራት። ቱካራም እናቱ የነገረቻት መሰለው። እናቱ ልጇ የነገራት መሰላት። እኔማ ይህን የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም። እነሱ መንደር ሙታን የራሳቸው ቀን አላቸው፤ መቃብር ድረስ ተሂዶ ሻማ ይበራላቸዋል። ኮኮናት ግን ኮኮናት ነው።

ከዚያ ጣራው አለ። ቱካራም ዛሬ ነገ ሲል የከረመው ቀዳዳ ልክ በመደቡ ላይ ያፈስስ ጀመር። አንድ ጠዋት ሱቢ ሳህኑ ውሃ ሞልቶ ብታገኘው ልቧ አልቻለም። ኮኮናቱን አነሣችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ምድጃው አጠገብ ካለው ቅርጫት አስገባችው። ታላላቆች ከበዓል በቀር ከቦታቸው እንደማይነሡ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

«እስኪጠገን ነው፤ እንዳይበርደው» አለችኝ።

በማግስቱ እኔና እሷ ከባለርስቱ የዘንባባ እርሻ ፍሬ ስንለቅም ዋልን። ቱካራም በጠዋት ጥሩ ጥሩ ዓሣ ይዞ ገብቶ ነበር። ማታ ደክመን ስንመለስ ሽታው ገና ከላሞቹ በረት ዘንድ ተቀበለን። እኔ ሰው አፍራለሁ እንጂ ሮጬ ነበር።

ናታሊን የምንበላበትን ቅጠል ዘርግታ ሩዙን ከመረች፣ ወጡን አፈሰሰች። ዓሣው በተፈጨ ኮኮናት፣ በእርድና በቃሪያ፣ በዚያ ጎምዛዛ የጫካ ፍሬ ተሠርቷል። ሱቢ እንደ ልማዷ አጥሚቷን ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፣ ግን ሽታው ቀደማት መሰለኝ ጣቷን ነከር አድርጋ ቀመሰች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው እማማ፤ እናቴ እንደምትሠራው። ካልጣፈጠዎት...»

«ጨምሪልኝ።»

ቱካራም ከጉርሻው ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። እህቴ በላች! አፍንጫዋ ላይ ላብ ችፍ እስኪል፣ ጣቶቿን እስክትልስ በላች፤ ደግሞ አስጨመረች፤ ሦስተኛ አስጨለፈች። እኔም ወደኋላ አላልኩም፤ የመቀነቴን ቋጠሮ አላልቼ ነበር። ናታሊን ቆማ እያየችን ፊቷ ያበራል። ቱካራም ድስቱን በሩዝ ጠርጎ ጨረሰው።

ከዚያ ናታሊን በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አምጥታ በሁለት እጇ ለሱቢ ሰጠቻት። ሲፈታ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነገር ነው።

«ይሄ ኮኮናቱ ሆድ ውስጥ የነበረ ነው እማማ። በጣም ይጣፍጣል። ለማንም ሳልሰጥ ለእርስዎ ነው ያስቀመጥኩት።»

ሱቢ ግማሹን ነከሰች። ዐይኗን ጨፈነች። «ስኳር ነው!» አለች። ቀጥላ ዐይኗን ገለጠችና «የቱ ኮኮናት?» አለች።

«ያ ቅርጫቱ ውስጥ የነበረው። መብቀል ጀምሮ ነበር፤ የረሳችሁት መስሎኝ፣ ሳይበላሽ ብዬ...»

ቱካራም የዓሣ አጥንቱ ከአፉ ግማሹ እንደወጣ ቀረ። እህቴ ከአፏ ያለውን አልዋጠችውም፣ አልተፋችውም። እንዴት ትትፋው? ማሩቲን? መሬት ላይ? ቆይታ ቆይታ ዋጠችው። ሲወርድ አየሁት። የቀረውን ግማሽ በመዳፏ ይዛ ተቀመጠች።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ የማይሳቅበት ቦታ ላይ ሳቅ የሚመጣብኝ ሰው ነኝ፤ በራሴ ባል ቀብር ላይ እንኳ መጥቶብኛል። ሱቢ አላየችኝም።

«ማሩቲ ነበር» አለች።

ልጅቱ አልገባትም። «እ?»

ቱካራም እጇን ይዞ ወደ ደጅ አወጣት። ሲነግራት አልሰማሁም፤ ጩኸቷን ግን ሰማሁ። ተመልሳ ስትገባ ሁለቱን የኮኮናት ቅርፊቶች በደንብ አጥባ፣ ገጥማ፣ እንዳይከፈቱ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ከመደቡ ላይ በነሐሱ ሳህን አስቀመጠቻቸው። እጇን ስታነሣ ግራና ቀኝ ተከፈቱ።

«ተዪው» አለች ሱቢ። «ሙት በባዶ ቅርፊት አይመለስም።»

የናታሊን እራት በኋላ ሩዝና ጨው እንደነበር ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ምራት መጨረሻ ነው የምትበላው፤ ከድስቱ የተረፈ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ሴቶቹ ጉድጓዱ ዘንድ ሰምተው ጠበቁን። በእኛ መንደር ወሬ ከባልዲ ቀድሞ ነው ውሃ የሚወርደው። አንዷ «ሱቢ፣ እውነት ነው ሽማግሎቹ ጎመዘዙ?» ብላ ስትጀምር ሌሎቹ በልብሳቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። እህቴ ባልዲዋን አስቀመጠች። እንደዚያ ስትናደድ ሴትዮዋ እኔንም ታስፈራኛለች።

«ልጅቱ ወደ እናቷ ትሂድ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «በበዓሉ ታላላቆቹ ወደ ቤቴ ከተመለሱ ትመለሳለች። ካልተመለሱ አትመለስም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይህን በጉድጓዱ ዳር፣ በአሥር ሴት ፊት የተናገረ ሰው እንዴት ይመልሰዋል? ቤት ውስጥ ብትለው ኖሮ እኔ በሁለት ቀን አስረሳት ነበር።

ናታሊን ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ደጄ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቱካራም ቀድሟት ወደ ሃሊያል ከተማ አውቶቡስ መንገድ ይወርዳል፤ አንገቱን ደፍቷል። እሷ ከእኔ ዘንድ ቆመች።

«እትዬ ገንጊ፣ ለምንድን ነው ማንም ያልነገረኝ?»

«ሁላችንም ሌላው የነገረሽ መስሎን ነው፣ የኔ ልጅ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «የቱካራም አባት ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? እኔ እኮ አንድ ቀን ስለሳቸው ጠይቄ አላውቅም» አለችኝ።

«ዝምተኛ። ከበሮ ይመታል። ዓሣ ይወዳል።»

እያለቀሰች ሳቀች። ይህች ልጅ ከእኔ ዘር ናት አልኩ በሆዴ፤ እሷም በማይሳቅበት ትስቃለች። ቱካራምን ተከትላ ስትሄድ እስከ መታጠፊያው ድረስ በዐይኔ ሸኘኋት፣ አዘንኩም። በዓሉን እናቷ ቤት ሆና የምትጠብቅ ሙሽራ፣ መልሱ እምቢ ከሆነ፣ እንደ ተመለሰ ዕቃ ናት። ሁለተኛ ማን ይጠይቃታል? ቱካራምስ እናቱን ትቶ የት ይገባል?

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ግድግዳው ዝም አለ። ስንት ጊዜ ዝም በይ፣ አስተኚኝ ያልኳት ሴትዮ፣ ድምፅዋ ሲጠፋ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቱካራም ጣራውን ጠገነው፤ አሁን ማን ያመሰግነዋል! ሱቢ ወደ አጥሚቷ ተመለሰች። ያቺን በመዳፏ የቀረችውን የኮኮናት ግማሽ ጉድጓዱ ዳር ቀበረቻት፤ አትበቅልም ብላት «አውቃለሁ» አለችኝ።

አንድ ቀን ግን ከቤቷ የዓሣ ሽታ ሸተተኝ። ብገባ ኮኮናት ፍቃ፣ ቃሪያ ፈጭታ፣ ድስት ጥዳለች። አፈረችብኝ።

«ለልጁ ነው» አለች።

ቀመሰች። ሰጠችኝ፣ ቀመስኩ።

«ምን ጎድሎት ነው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። የእሷ ሌላ ነበር።»

ድስቱን ይዛ ወጥታ ለውሻው ደፋችው። ስትመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳህን ታጥብ ጀመር፤ የታጠበውን ሳህን መልሳ መላልሳ አጠበችው።

በዓሉ ደረሰ። ዘመድ ከየጫካው ተሰበሰበ፣ ጓዳው እስከ ደጃፉ ሞላ። ጋሼ ሩድራ ዐይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አሁንም ያውቃል። አዲሱን ኮኮናት አጥበው ከመደቡ አስቀመጡ፣ ቢጫ አበባ በውሃ ነክረው በጎኑ ለጠፉበት። የእኛ መጠየቂያ ይህ ነው። አበባው ወደ ቀኝ ከወደቀ ታላላቆቹ ገብተዋል። ወደ ግራ ከወደቀ ተቆጥተዋል። ካልወደቀ የሉም።

«ታላላቆቻችን፣ ገባችሁ ወይ?» አሉ ጋሼ ሩድራ።

ከበሮው ቆመ። አበባው ተለጥፎ ቀረ።

ውሃ ረጩበት። ደግመው ጠየቁ። ቱካራም ከማገሩ ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። አበባው እንዳለ ነው።

«አልመጡም» አሉ ጋሼ ሩድራ በቀስታ። «ታዲያ የት ናቸው?»

ከኋላ አንዱ የአጎት ልጅ «እነ ሱቢ ሆድ ውስጥ ናቸዋ» ብሎ አጉረመረመ። የታፈነ ሳቅ ጓዳውን ዞረው። እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ያኔ የእኔም ደሜ ፈላ። በእሷ ብቻ አይደለም የተናደድኩት፣ በሁላችንም ነው።

«አዎ፣ እኛ ሆድ ውስጥ ናቸው!» አልኩ። «እኔ በላኋቸው፣ ሱቢ በላቻቸው፣ ልጇ ድስቱን በሩዝ ጠርጎ በላቸው። በዚያ ቤት ያልበላቻቸው ሰው አንዲት ናት፤ እሷን ነው ያባረርነው። ልጅቱ ያን ማታ ሩዝ በጨው ነው የበላችው!»

ሱቢ ዞር አለች። «ምን አልሽ?»

«ምን ተርፏት ትብላ? ሦስተኛውን ጭልፋ ያስጨለፍሽው አንቺ ነሽ እኮ እታለም። ምርጡንም ደግሞ ለአንቺ ብላ በቅጠል አስቀምጣ ያጎረሰችሽ እሷ ናት።»

«አላየሁም» አለች።

«ቀና አላልሽማ!»

እህቴ እዚያው ቆመች። ኮኮናቱን አየች፣ ልጇን አየች፣ ሰዉን አየች። ጉድጓዱ ዳር የሰሟት ሴቶች በሙሉ ከፊቷ ናቸው፤ ቃሏንም የረሳ የለም። አበባው አልወደቀም፤ አበባው ካልወደቀ ልጅቱ አትመለስም። ይህን ያለችው እሷው ናት።

ከዚያ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና «ሁላችሁም ውጡ» አለች።

«ምን?» አሉ ጋሼ ሩድራ።

«ይውጡልኝ ጋሼ፣ እርስዎም። ማሩቲ ሰው ፊት መቼ ተናግሮ ያውቃል? እኔም ስጠይቀው ሰው ሲወጣ፣ ከበላ በኋላ ነበር የሚመልስልኝ።»

ይህን ማንም ሊክደው አልቻለም። ሽማግሌው እየሳቁ በትራቸውን ፈለጉ፣ ሰዉም ተከትሎ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ራሴ ቤት ገባሁ። ሁለቱ ቤቶች በሚጋሩት ግድግዳ ላይ አንዲት ስንጥቅ አለች። ሠላሳ ዓመት ስድፍናት ኖሬአለሁ። በዚያች ቀን ጭቃውን በጣቴ ፈልቅቄ ዐይኔን አስጠጋሁ።

እህቴ ከመደቡ ፊት ተቀምጣለች።

«ማሩቲ» አለች። «አዲሱ ቤት አልተስማማህም? ... ልጅቱ አይደለችም። ከቦታህ ያወረድኩህ እኔ ነኝ፤ እንዳይበርድህ ብዬ ነው። የበላሁህም እኔ ነኝ፤ ሦስት ጊዜ አስጨምሬ። ጣፍጠህ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ በሕይወትህ እንደዚያ ጣፍጠህ አታውቅም። ከሞትክ ጀምሮ እህል አፌ ላይ ሲጣፍጠኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያ ነው የተናደድኩት። አንተ ሞተህ እኔ እንዴት ይጣፍጠኛል? በልጅቱ ላይ አወጣሁት።»

ብዙ ጠበቀች። እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። አበባው ንቅንቅ አላለም። የአንዲት ዝንብ ድምፅ ነበር፣ እሷም ሄደች።

እህቴ እጇን ዘረጋች። አበባውን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ነቀለችው።

ሮጬ ወጥቼ ከሰዉ ስቀላቀል እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ አበባውን በመዳፏ ታሳይ ነበር።

«ወደ ቀኝ ወደቀ» አለች።

ሰዉ ተነፈሰ። ጋሼ ሩድራ አበባውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ አገላብጠው ዳሰሱት፤ ከዚያ «ምን አለሽ?» አሏት።

«‹ያንን ዓሣ ማን ነው የሠራው?› አለኝ። ‹ምራትህ ናት› አልኩት። ‹ታዲያ የት ሄደች?› አለኝ።»

«ማሩቲ? ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ተናገረ?»

«ሞት ያናግራል ጋሼ።»

ደጁ በሳቅ ተናጋ፣ ከበሮውም ተነሣ። ቱካራምን ዞር ብዬ ብፈልገው የለም፤ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ወደ አውቶቡሱ መንገድ እየሮጠ ነበር። በሰዉ መካከል የእህቴ ዐይን ከዐይኔ ተገናኘ። ስንጥቋን እሷም ታውቃታለች። ትንሽ ቀላች። ሆድ ይፍጀው አልኩና ሄጄ አብሬ ጨፈርኩ።

በማግስቱ ናታሊን ስትገባ በእግሯ ጣት ጫፍ እየረገጠች ነበር፤ ደጃፉን አልፋ ግድግዳ እንኳ አትነካም። ሱቢ አይዞሽም፣ ይቅርታም አላለችም። ኮኮናቱን ከሳህኑ አነሣችና በልጅቱ ሁለት መዳፍ ላይ አኖረችው።

«አንቺ አስቀምጪው» አለቻት። «እጅሽን ይወቀው።»

ናታሊን እንደ አራስ ልጅ ይዛ ወሰደችው። ስታስቀምጠው «እንደምን ዋሉ አባባ» ስትለው ሰማሁ። ያን ማታ ዓሣ ተሠራ። እህቴ ቅጠሉ ሲዘረጋ ልጅቱን ከአጠገቧ አስቀመጠቻት፤ ድስቱንም ራሷ ይዛ ጭልፋውን ለማንም አልሰጠችም።

አሁን ማለዳ ማለዳ በግድግዳው የሚመጣው ድምፅ ሁለት ሆኗል። አንዷ ለማሩቲ ስለ ጥጃዋ ትነግረዋለች፣ ሌላዋ ቱካራም ትናንት ያደረገውን ትከስስለታለች። መልስ የለም፤ እንደ ድሮው ነው። እኔ ደግሞ ተኝቼ አዳምጣለሁ።

ባለፈው ደግሞ እህቴ ደጅ ላይ ሩዝ ስትለቅም፣ እኔም አጠገቧ ስቀመጥ፣ ናታሊን ከየላፑር ገበያ ከመጣው ቅርጫት አንድ ኮኮናት ይዛ ብቅ አለች። ያለ ፈቃድ ኮኮናት አትነካም፤ ሰንጥቃ ከመፍቋ በፊት ሁልጊዜ ትጠይቃለች። እየቀለደች አይደለም።

«እማማ፣ ይሄኛው ማን ነው?»

ሱቢ ቀና ብላ አየችው፤ ተቀብላ በጆሮዋ አጠገብ ነቀነቀችው፤ መልሳ ሰጠቻት።

«እሱ ገና ማንም አይደለም፤ ፍቂው።»

ልጅቱ ስትሄድ ጠራቻት።

«ናታሊን! እኔ እዚያ መደብ ላይ ስወጣ ግን ቢያንስ እስከ በዓሉ ጠብቂ። ከዚያ ፍቂኝ። ቃሪያውን ደግሞ አትቆጥቢ።»